ልጁን ማን ምሳ ሰጠው? በደሴ አንድ ክፍል ተረትን ወደ ሥዕል ያሻገርንበት ጉዳይ

ደሴ ውስጥ በአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በዚያው ክፍል የክወናና የእይታ ጥበባት የሚያስተምር ባልደረባ አለኝ። ልጆቹ ያው ናቸው፣ ክፍሉም ያው ነው። እኔ ስወጣ እሱ ይገባል። ያም ሆኖ በእኔ ክፍለ ጊዜ የተነበበ ነገር በእሱ ክፍለ ጊዜ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። እሱ ጋ የተሳለውም ወደ እኔ መጥቶ አያውቅም።

ሁለታችንም የየራሳችን ብሶት ነበረን። እኔ ተረትም ሆነ አጭር ልብ ወለድ ካነበብን በኋላ «ምን ተረዳችሁ?» ስል የሚመጣልኝ መልስ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። «ትዕግሥት መልካም እንደሆነ ተረድተናል።» «ክፋት እንደማይጠቅም ተረድተናል።» መልሱ ስህተት የለበትም። ግን ታሪኩን ጨርሶ ያላነበበ ልጅም ሊመልሰው ይችላል። እሱ ደግሞ «የፈለጋችሁትን ሳሉ» ሲላቸው ሁሉም ጎጆ ቤት ይስላሉ። ከጎጆው ጀርባ ሁለት ተራራ፣ በተራራዎቹ መሀል ፀሐይ። የሚኖሩት ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት ጉም ሰንጥቀው ነው። ደብተሩ ላይ ጉም የሳለ ልጅ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ይህንኑ ስናወራ ሁለቱን ክፍለ ጊዜዎች ለምን አናጣምራቸውም አልን። ልጆቹ አንድ ተረት ይስሙ፣ ከዚያ ከተረቱ ሥዕል ይሥሩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ሙከራ ታሪክ ነው። ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ሌላ መምህር በራሱ ክፍል እንዲሞክረው ከልቤ ስለምፈልግ ነው።

ከመጀመራችን በፊት

ርዕሰ መምህሩ ያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለክልላዊ ፈተና ምን ይጠቅማል?» የሚል ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። 8ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና አለ። ወላጅም ዓመቱን ሙሉ የሚያስበው ያንን ነው። መልሳችን አጭር ነበር። አንብቦ መረዳት ፈተናው ላይ አለ፤ ሥዕሉ ደግሞ ልጁ ወደ ታሪኩ ደጋግሞ እንዲመለስ ያስገድደዋል። ተፈቀደልን። ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎችም እንዲከታተሉ ተደረገልን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ ቀለም በጥብጦ፣ ሠርቶ፣ እጅ ታጥቦ መጨረስ አይቻልም።

ለራሴ የያዝኩት ሌላም ምክንያት ነበር። ወሎ በዓለም ዘንድ በምስል የታወቀችው በ1977ቱ ረሃብ ነው። ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የወጣው የቴሌቪዥን ምስል ዓለምን ዞረ። ብዙ እርዳታ አመጣ፤ ይህን አልክድም። ካሜራውን የያዘው ግን ከውጭ የመጣ ሰው ነበር። እስከ ዛሬ «ወሎ» ሲባል ያ ምስል የሚመጣበት ብዙ ሰው አለ። የወሎ ልጅ የራሱን ምስል ራሱ መሥራት መልመድ አለበት ብዬ አምናለሁ። ልምምዱ ደግሞ ሊጀመር የሚችለው ቤቱ ከሚነገረው ተረት ነው።

ከንባብ ምስል ማውጣት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። እዚያ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚጠራ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል ይገኛል። ሥዕል አለው፤ የአቡኑም መልክ ተስሎበታል። ገዳሙ ሴቶችን ስለማያስገባ ክፍሉን ይዘን መሄድ አልቻልንም። ግማሹን ክፍል ትቶ መሄድ ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ የሥዕል መምህሩ የብራና ሥዕሎች ፎቶ አሳትሞ መጣ። በሌላው ወገን የወሎ ሸሆች መንዙማቸውን በአረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ ሲጽፉ ኖረዋል። በእጅ የተጻፉ ቁርአኖችን ዳርና ዳር የሚያስጌጠው ጥልፍልፍ መስመርና የብራና መጽሐፍን ራስጌ የሚያስጌጠው ሐረግ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልጆቹ ራሳቸው «ይመሳሰላል እኮ!» አሉ።

ከፎቶዎቹ ሦስት ነገር ብቻ አሳየናቸው። አንደኛ፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከው ባህላዊ ሥዕል ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን ተከፋፍሎ ይሳላል፤ ጊዜ በሳጥን ይሄዳል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ አጠገብ ጽሑፍ አለ፤ ሠዓሊው ምን እንደሳለ ለመጻፍ አላፈረም። ስለ ዘመናዊ ሥዕል ብዙ አላወራንም። ገጣሚም ሠዓሊም የነበረውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ጠቅሰን አለፍን። አንድ ሰው ሁለቱንም መሆን እንደሚችል ማወቃቸው በቂ ነበር።

ተረቱ

የመረጥነው ብዙ ቤት የሚታወቀውን የእንጀራ እናትና የአንበሳ ተረት ነው። አንዲት ሴት እናቱ የሞተችበትን ልጅ ታሳድጋለች። ልጁ አይቀርባትም። ያበሰለችውን አይበላም፣ ስታናግረው አይመልስም። ጨንቋት ወደ አንድ አዋቂ ትሄዳለች። አዋቂው መድኃኒት እንዲሠራላት ሦስት የአንበሳ ጢም አምጪ ይላታል። ሥጋ ይዛ ዱር ትወርዳለች። ከሩቅ አስቀምጣ ትመለሳለች። በነጋታው ትንሽ ቀረብ ታደርጋለች። በሌላው ቀን ደግሞ ትንሽ። በመጨረሻ አንበሳው ከእጇ ይበላል፣ ጢሙንም ትነቅላለች። አዋቂው ጢሙን እሳት ውስጥ ይጥለውና «አንበሳውን እንዳቀረብሽው ልጁን አቅርቢው» ይላታል።

ተረቱን እኔ አላነበብኩትም። የአንዲት ተማሪ አያት ክፍል መጥተው ተረኩት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና «ተረት ተረት» ሲሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የላም በረት» አለ። እሳቸው ሴትዮዋ የሄደችው «ሸህ ዘንድ» ነው ብለው ነበር። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «እማማ፣ እኛ ቤት እኮ መነኩሴ ናቸው» አለ። «አብሽር ልጄ፣ አንበሳው አንድ ነው» አሉት።

አያትየዋ የተረቱን መሀል እንዴት እንዳስረዘሙት ልብ ይሏል። መጀመሪያውን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። መሀሉ ላይ ግን አልቸኮሉም። «ነገም ሥጋዋን ይዛ ሄደች። ከትናንቱ ቀረብ አድርጋ አስቀመጠች። ዞር ብላ ሳታይ ተመለሰች። ከነገ ወዲያም ሄደች...» እያሉ ቀጠሉ። በመሀል ሴትዮዋ ፈርታ ሥጋውን ጥላ የሮጠችበት ቀንም ነበር። አንዳንድ ልጆች ተሰላችተው ነበር። የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ይህ በግልጽ ታየ።

ከሳንቲም የመጣው አንበሳ

በመጀመሪያው ዙር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሳሉት ጢሙ ሲነቀል ነው። ትልቅ አንበሳ፣ አፉ የተከፈተ፣ አጠገቡ ሴት። ሥዕሎቹን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ደረደርናቸው። ስለ ቁንጅናቸው አላወራንም። የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ይህንን ከየት አመጣኸው?»

አንዱ ልጅ የሚያገሳ አንበሳ ስሏል። ከየት አመጣኸው? «ከሳንቲም ላይ ነው ቲቸር፣ አይቼ ነው የገለበጥኩት።» እውነቱን ነው፤ ሳንቲማችን ላይ የሚያገሳ የአንበሳ ራስ አለ። ታዲያ ተረቱ ውስጥ አንበሳው ያገሣል? ክፍሉ አሰበ። ከእጇ በልቶ ጢሙን ያስነቀለ አንበሳ እያገሣ ሊሆን አይችልም። ሌላዋ ሴትዮዋን መቀስ አስይዛታለች። ከየት አመጣሽው? «ጢም በእጅ ይነቀላል እንዴ?» አለች። ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ ከተረቱ የመጣ ባይሆንም ተረቱን አስባበታለች። መቀሱ ይቆይ ተባለ።

ይህ ጥያቄ የሙከራው ምሰሶ ሆነ። ሥዕሉ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር ወይ ከተረቱ ቃል መምጣት አለበት፣ ወይ ከተረቱ በተነሣ ጥያቄ። «ስላማረኝ» የሚል መልስ አይከለከልም፤ ግን ቀጥሎ «ተረቱ ውስጥስ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል።

ከዚያ የቤት ሥራውን ቀየርነው። ጢሙ የተነቀለበትን ቀን መሳል ክልክል ሆነ። መሀል ካሉት ቀናት አንዱን ምረጡ አልናቸው። «ትንሽ ቀረብ አለች» የሚለው እንዴት ይሳላል?

እዚህ ላይ ሥዕል የሚያስተምረው ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። በቃል «ትንሽ ቀረብ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። በሥዕል ግን ወረቀቱ ላይ ክፍት ቦታ መተው አለብህ። ምን ያህል? ሴትዮዋ የት ትቁም? አንበሳው ያያታል ወይስ ሥጋውን ነው የሚያየው? ልጆቹ ይህንን ለመወሰን አያትየዋ የተናገሩትን እንደገና ማስታወስ ነበረባቸው። የረሱት እርስ በርስ ተጠያየቁ። ተሰላችተው የነበሩት ሳይቀሩ መሀሉን ፍለጋ ተመለሱ።

አባት መጡ

በዚያው ሳምንት የአንድ ተማሪ አባት ትምህርት ቤት መጡ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «መምህር፣ ልጄ ከትምህርቱ እንዲቀር አልፈልግም። ነፍስ ያለው ነገር እንዲስልም አልፈልግም። መላ ካለ ብዬ ነው» አሉኝ። ከሙስሊም ወላጆች ሁሉም እንዲህ አይልም፤ በዚያው ክፍል ሰውም እንስሳም የሚስሉ ብዙ ሙስሊም ልጆች አሉ። ግን ጥያቄው የእምነት ጥያቄ ነው። ሊከበር ይገባል። «አብሽሩ ጋሼ፣ መላ አይጠፋም» አልኳቸው። ለሥዕል መምህሩ ነገርኩት።

እሱም ልጁን ጠርቶ «አንበሳና ሰው ሳትስል ርቀቱን አሳየኝ» አለው። ሌላ ነገር አልጨመረም። ልጁ ቁርአን ቤት ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ያደገ ነው። እጁ መስመር ያውቃል፣ በእኩል ስፋት መደርደር ያውቃል። ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ረጅም ቁራጭ ወሰደ። በግራ በኩል በከሰል አንድ ጥቁር ክብ አደረገ። በቀኝ ጫፍ ትንሽ ሦስት ማዕዘን። ከሥሩ እንደገና ክብና ሦስት ማዕዘን፤ አሁን ሦስት ማዕዘኑ በጣት ያህል ወደ ክቡ ቀርቧል። ከሥሩ እንደገና። ረድፉ እየወረደ ሄደ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሦስት ማዕዘኑ ክቡን ነክቶታል፤ በመካከላቸው ሦስት ቀጫጭን መስመሮች አሉ።

ሥዕሉ ሲሰቀል ማንም «ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። አንበሳውን ሁሉም አየው። አንድ ረድፍ ላይ ግን ሦስት ማዕዘኑ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ከመጀመሪያውም ርቆ፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ነበር። «ከየት አመጣኸው?» ሲሉት «አንድ ቀን ፈርታ ሮጣለች ብለዋል እኮ እማማ» አለ። አብዛኛው ክፍል ያንን ቀን ረስቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሁሉም ተማሪ ፊትና አካል ሳይስል እንዲሠራ አደረግን። ለአንድ ልጅ የተፈለገው መላ ለክፍሉ ሁሉ ትምህርት ሆነ። ጎበዝ ሠዓሊ የሚባሉት ልጆች በጣም ተቸገሩ፤ የሚተማመኑት ፊት በመሳል ነበርና። «እኔ መሳል አልችልም» የሚሉት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

ቀለሙ

ለቀለም የተመደበ በጀት አልነበረንም። ወረቀቱ ከሕንፃ ሥራ የተረፈ የሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ በደንብ አራግፈን፣ ውስጠኛውን ንጹሕ ንጣፍ ለይተን ተጠቀምን። ጥቁሩ ከሰልና ከድስት ሥር የተፋቀ ጥላሸት። ቡናማው የቡና አተላ። ቀዩ አፈር ከየሠፈሩ መጣ፤ በወንፊት ነፋነው። ቢጫው እርድ። ነጩ ኖራና ጀሶ። ማጣበቂያው ውኃ ውስጥ አድሮ የሟሟ የግራር ሙጫ። ጥላሸትና ሙጫ የድሮ ጸሐፊዎችም ለቀለም ያዋሉት ነገር ስለሆነ ልጆቹ ደስ ብሏቸው ነው የበጠበጡት።

አንዲት ልጅ ለአንበሳው ጎፈር የሚሆን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፈልጋ እርዱ ላይ ነጭ ጨመረች። የጨመረችው ኖራ ነበር። ቢጫው ዓይኗ እያየ ወደ ደም ቀይ ተለወጠ። ጮኸች። ጠረጴዛዋን ሁሉም ከበበው። ጎረቤቷ ያንኑ በጀሶ ሞከረ፤ ምንም አልሆነም፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ብቻ ወጣ። የኬሚስትሪ መምህሯን ጠርተን አስረዳች። ኖራ ቤዝ ነው፤ የእርድ ቀለም ቤዝ ሲነካው ይቀላል። ጀሶ ግን እንደዚያ አያደርገውም። (ኖራ እጅና ዓይን ያቃጥላል። የሚሞክር ሰው በእንጨት ወይም እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ይንካው፤ ልጆች በባዶ እጃቸው እንዳይነኩት።)

ልጅቷ ይህንን ሥዕሉ ውስጥ አስገባችው። አንበሳው ሩቅ ሲሆን ጎፈሩ ቀይ ነው። እየቀረበ ሲመጣ ቢጫ ይሆናል። ከየት አመጣሽው? «ሩቅ ሲሆን ያስፈራል፤ ስትቀርበው ግን አንበሳ ብቻ ነው» አለች። ያንን ዓረፍተ ነገር ፈተና ላይ ብትጽፈው ሙሉ ማርክ እሰጣታለሁ።

አንድ ዓይን፣ ሁለት ዓይን

የዓይኑን ነገር ያነሣው ዲያቆን የሆነ ተማሪ ነው። ሥዕሉን በሦስት ሳጥን ከፈለ። በመጀመሪያው አንበሳው በጎን ቆሟል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። በሁለተኛው ፊቱን ማዞር ጀምሯል። በሦስተኛው ፊት ለፊት ያያል፣ ሁለት ትላልቅ ክብ ዓይኖች፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል። የሥዕል መምህሩ እንደ ልጅ ነው የተደሰተው።

አንዷ ግን አልተዋጠላትም። «አንበሳው መጀመሪያም ክፉ አልነበረም። ሥጋ ሰጠችው፣ በላ። ምን አጠፋ?» አለችው። ልጁ ተከራከረ። በባህሉ አንድ ዓይን ክፉ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ክፉ ነበር አለ። ሌሎች ገቡበት። አንዱ «ታዲያ ማን ተለወጠ?» ሲል ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንበሳው አልተለወጠም። የተለወጠችው ሴትዮዋ ናት። ሥዕሉ ላይ ያለው አንድ ዓይን የአንበሳውን ጠባይ ሳይሆን የሴትዮዋን ፍርሃት የሚያሳይ ነው። ዲያቆኑ ሥዕሉን አልቀየረም፤ ከሥሩ ግን «ሴትዮዋ እንዳየችው» ብሎ ጻፈ።

ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚተረክ፣ ማን እያየ ማን እንደሚታይ፣ የአማርኛ መጽሐፋችን በትርጉም ያስተምረዋል። ልጆቹ ትርጉሙን በቃላቸው ይይዙታል። በሥዕሉ ላይ ግን ራሳቸው ደረሱበት።

ልጁስ?

ሥዕሎቹ ተሰቅለው እያየናቸው ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ሴትዮዋ በየቀኑ ዱር ስትሄድ ልጁን ማን ምሳ ሰጠው?» አለች።

ግድግዳውን አየነው። አንበሳ ሞልቷል። ሴትዮዋ አለች። ሥጋ አለ፣ ዛፍ አለ፣ አዋቂው እንኳ በአንዱ ላይ አለ። ልጁን የሳለ አልነበረም። ተረቱ የተጀመረው በልጁ ነው፤ የሚያልቀውም በልጁ ነው። አያትየዋም እኛም መሀሉ ላይ ጥለነው ሄደናል።

ክፍሉ መልስ ማዋጣት ጀመረ። አባቱ። ጎረቤት። ራሱ አብስሎ። አልበላም። እያንዳንዱ መልስ ተረቱን ይለውጠዋል። ጎረቤት ካበላው ሴትዮዋ ያልቻለችውን ጎረቤቷ ችላለች ማለት ነው። ራሱ ካበሰለ ደግሞ ከዕድሜው በላይ አድጓል። ሳይበላ ከጠበቃት ደግሞ ወዷታል፤ ያኔ ጢሙ ምንም አያስፈልግም ነበር። ይህንን የመጨረሻውን ያለው ኳስ ብቻ ይወዳል የሚባል ልጅ ነው።

የጠየቀችው ልጅ የሠራችው ሥዕል ከሁሉም በላይ ልቤን ነክቶታል። ከቤት ውስጥ ሆኖ የሚታይ በር ነው። በሩ ላይ ልጁ ተቀምጧል፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ። ከአጠገቡ ክዳኑ ያልተነሣ ሳህን። ከበሩ ውጭ የቡና አተላ ብቻ፣ ጨለም ያለ፣ ምንም አይታይም። ለምን ጀርባውን? «ተረቱ ልጁ ክፉ ይሁን ደግ አልነገረንም። አንድ ዓይን ላድርግለት ሁለት አላወቅኩም» አለች።

እንግዲህ ይህች ልጅ የዲያቆኑን ክርክር ሰምታለች ማለት ነው። ተረቱ የተወውን ክፍተት አግኝታለች። ክፍተቱን በራሷ ፍርድ ከመሙላት ይልቅ ክፍተትነቱን ጠብቃ ሳለችው። ብዙ አዋቂ አንባቢ ይህን አያደርግም።

ጥያቄው የማይጠየቅበት ቦታ

አንድ ተማሪ ያመጣው ሥዕል ውስጥ አንበሳም ሴትም አልነበረም። መንገድ ነው። ፍራሽ የተሸከሙ፣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ሁሉም ያወቀው ይመስለኛል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እነዚህ ልጆች ትንንሽ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው ጋር በዚያ መንገድ ሄደዋል። አንዳንዶቹ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ።

«ከየት አመጣኸው?» የሚለውን ጥያቄ እዚያ ላይ በክፍል ፊት አላነሣንም። ሥዕሉ ከሌሎቹ ጋር ተሰቀለ። ልጁ ራሱ መናገር ሲፈልግ ተናገረ፤ ትንሽ ነገር ብቻ፤ እኔም እዚህ አልጽፈውም። ተረት ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ጥሩ መጠለያ ነው። ስለ አንበሳ እያወራ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ይችላል። መምህሩ ግን መጠለያውን ማፍረስ የለበትም። ልጁን የሚከታተልልን የሥነ ልቦና ባለሙያ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ቢያንስ አለማስጨነቅ ከእኛ ይጠበቃል።

ያልሆነልን

ከተረቱ በኋላ በመማሪያ መጽሐፉ ካለ አጭር ልብ ወለድ ያንኑ ለማድረግ ሞከርን። አልያዘም። ታሪኩ ረጅም ነው፣ ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ናቸው፣ ቤት ሄዶ ያነበበውም ጥቂት ነው። ሁሉም የሚያውቀው፣ ተቀምጠው በአንድ ትንፋሽ የሚሰሙት ነገር ይሻላል። በቡድን ማሠራትም አልጠቀመም፤ አንዱ ጎበዝ ይስላል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። የእርዱ ቢጫ ደግሞ ብርሃን አይችልም። መስኮት አጠገብ የሰቀልናቸው ሥዕሎች ቢጫቸው ደብዝዞ ጠፋ። ቀይና ቢጫ ያደረገችው ልጅ አዘነች። አሁን እርድ ያለባቸውን ጥላ ውስጥ ነው የምንሰቅለው።

የወላጆች ቀን ላይ ሥዕሎቹን በኮሪደሩ ገመድ ዘርግተን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። ከእያንዳንዱ ሥር ልጁ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ምን እንደሠራና ከየት እንዳመጣው ጽፏል። አያትየዋ መጡ። የራሳቸውን ተረት ኮሪደር ሙሉ ሆኖ ሲያዩት እያንዳንዱን ሥዕል አስነበቡ፤ ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። የሦስት ማዕዘኑን ሥዕል የሠራው ልጅ አባትም መጡ። ሥዕሉን ወደ ቤት መውሰድ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው።

የማርኩ ነገር ግን እስካሁን አላለቀልንም። የሥዕል መምህሩ «እጅህ ካልሠለጠነ ሐሳብህ ወረቀት ላይ አይወርድም፤ መስመርና ቀለም መታረም አለበት» ይላል። የእሱ ሥራ ነው፣ ልክም ነው። እኔ ደግሞ ለማርክ የማየው ልጁ ከሥዕሉ ወደ ተረቱ ጣቱን መቀሰር መቻሉን ነው። የሦስት ማዕዘኑ ሥዕል በእሱ መመዘኛ መካከለኛ ነው፣ በእኔ ከፍተኛ። ለጊዜው ማርኩን ለሁለት ከፍለነዋል፤ ግማሹን እሱ ከሥዕሉ፣ ግማሹን እኔ ከሥሩ ካለው ጽሑፍ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ከ7ኛ ክፍል ጋር እንጀምራለን፤ ተረቱን ልጆቹ ራሳቸው ከየቤታቸው እንዲያመጡ ነግረናቸዋል።